በጨቅላ ሕፃን ሽንት ጨርቅ ውስጥ ወንጀለኛ ፍለጋ!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ጉዱን የሰማሁት እዚሁ ሰፈሬ ቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በተተከለ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። ንፍሮው እየዞረ ነበር። ወሬው እንደ ልማዱ ከሟች ወደ ኑሮ ውድነት፣ ከኑሮ ውድነት ወደ ወጣቱ ሱስ ተሸጋገረ። ይሄኔ ከረባት ያሰሩ፣ የቢሮ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው የሚያስታውቅ አንድ ጎልማሳ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው መፍትሔውን አፈሰሱት።

«ነገሩ እኮ ቀላል ነው» አሉ። «አሜሪካን አገር ሕፃን ገና እንደተወለደ ይመረመራል። እናትየዋ ስታጨስ፣ ስትጠጣ፣ ሐሺሽ ስትወስድ ከርማ እንደሆነ ከልጁ ይታወቃል። እኛም አገር ጤና ጣቢያው ጨቅላውን ይመርምር። ጫትና አረቄ ከተገኘበት እናትየዋ ትጠየቅ፤ ልጁንም መንግሥት ይረከበው። ሁለት ሦስቷ ብትቀጣ ሌላዋ ልብ ትገዛለች!»

ግማሹ ድንኳን ራሱን ነቀነቀ። «አበጀህ!» ያለም አልጠፋ። ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸክላ ሲያቦኩ የኖሩ አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ እናትየዋ ይህን ስትሰማ ታዲያ ለመውለድ ወዴት ትሄዳለች?» ሲሉ ጠየቁ።

የመለሰላቸው የለም። ባለከረባቱም ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ቤቴ ገባሁ። ይህ ጽሑፍ ለእኒያ እናት የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው።

የአረቄ ጠበቃ አይደለሁም!

ውድ አንባቢያን፣ ከወዲሁ እንግባባ። ጫትና አረቄ ለነፍሰ ጡር ምንም አይሉም የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው። አንድ የፈረንሣይ ሐኪም በ1968፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ደግሞ በ1973 (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መጠጥ በፅንስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በግልጽ አስቀምጠውታል። ልጁ ቀጭጮ ይወለዳል፤ የፊቱ ቅርጽ ይለወጣል፤ አእምሮው ይጎዳል፤ ጉዳቱም ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። ለነፍሰ ጡር «ይህን ያህል ብትጠጣ ችግር የለውም» የሚባል ልክ እስካሁን አልተገኘም። ጫትም ቢሆን ቀላል አይደለም። የየመን ሐኪሞች በ1980ዎቹ ባጠኑት መሠረት የሚቅሙ እናቶች የሚወልዷቸው ሕፃናት ክብደታቸው ቀነስ ብሎ ተገኝቷል። ከጫቱ የሚመጣው ንጥረ ነገር በጡት ወተት ውስጥ መታየቱም በዚያው ዘመን ተረጋግጧል። ደግሞስ ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ ለማወቅ ሐኪም መሆን ያስፈልጋል እንዴ? እናት ሳትበላ ፅንሱ ከየት አምጥቶ ይበላል?

ስለዚህ ጠቡ «ይጎዳል፣ አይጎዳም» የሚል አይደለም፤ ይጎዳል። ጠቡ፣ ጉዳቱን ለማስቀረት ሕፃኑን መርምሮ እናቱን መክሰስ መድኃኒት ነው ወይ የሚለው ላይ ነው። እኔ አይደለም እላለሁ። አይደለም ብቻ ሳይሆን ይገድላል እላለሁ! ይህን የምለውም ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም።

ብርድ ልብሱ

ከእኛ ቤት ሦስት በር አልፎ የምትኖር አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም፤ የበደላት ሰው ብዙ ነው፤ እኔ አልጨመርበትም። እናቷ አረቄ ትሸጣለች። እሷም ለደንበኛ መለኪያ እየቀዳች ነው ያደገችው። ካረገዘች በኋላ ትጠጣ ነበር፤ አልዋሽም። ደንበኛ ሲጋብዛት እምቢ አትልም ነበር፤ እምቢ ካለች ደንበኛው ሌላ ቤት ይሄዳላ! ከሰዓት በኋላም ትቅም ነበር።

ይህችው ልጅ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ መሄድ ጀምራ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። በሦስተኛው አፏ አረቄ ሸተተ። አንዲት ባለሙያ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቆይ ብቻ! ልጁ ሲወለድ ደሙን እናስመረምረዋለን። አረቄ ከተገኘበት ለፖሊስ ነው የምንሰጥሽ!» አለቻት። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም። ባለሙያዋ ክፉ ሰው ናትም አልልም፤ ምናልባት ማስፈራራት ማስተማር መስሏት ይሆናል። ዛቻው ደግሞ ባዶ ነበር፤ እንዲህ ያለው ምርመራ በጤና ጣቢያዎቻችን የዕለት ተዕለት ሥራ አይደለም። ባዶው ዛቻ ግን ሥራውን ሠራ። ልጅቷ ከዚያ ቀን በኋላ የጤና ጣቢያውን ደጃፍ አልረገጠችም።

ምጡ የመጣው ሌሊት ነው። እናቷና አንዲት ጎረቤት አዋለዷት። ልጁ ወጣ፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ደሙም አልቆም አለ። ጩኸት ሰምተን ስንደርስ «ጤና ጣቢያ አትውሰዱኝ፣ ልጄን ይወስዱብኛል» ትላለች፤ ድምጿ ግን እየደከመ ነው። አራት ሆነን በብርድ ልብስ ተሸክመን የቀጨኔን ቁልቁለት ወረድን። ታክሲ ለመነን፣ ሆስፒታል አደረስናት። ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ብርድ ልብሱ የእኛ ቤት ነበር። በማግሥቱ እናቴ ስታጥበው ውኃውን አራት ጊዜ ቀየረች።

እንግዲህ ባለከረባቱ ይፍረዱ። ያን ሌሊት ያቺን ልጅ ሊገድላት የነበረው አረቄው ነው ወይስ ፍርሃቱ? አረቄው ልጁን ጎድቶት ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ሆኖ ነው የተወለደው። እናቱን ግን ከሐኪም እጅ ያወጣት «ልጅሽን እንመረምረዋለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የፈረንጅ ዕቃ ምን ያያል?

ለመሆኑ ይህ ምርመራ የሚሉት ነገር ምንድነው? ከሕፃኑ የሚወሰደው ሽንቱ ወይም ከእትብቱ የተቆረጠ ቁራጭ ነው፤ አለዚያም እንደተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያወጣው፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረው ሰገራ ነው። ሽንቱ የሚናገረው ከወሊድ በፊት ስለነበሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ጥቁሩ ሰገራ ግን በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ሲጠራቀም ስለሚከርም የመጨረሻዎቹን የእርግዝና ወራት ወሬ ይዞ ይወጣል። እንግዲህ በዘጠነኛው ወር ማብቂያ፣ የጠጣችው ሁሉ ተጠጥቶ፣ የተጎዳውም ሁሉ ተጎድቶ ካለቀ በኋላ «አገኘነው!» ሊባል ነው። አባቶች ለዚህ ስም አላቸው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ደግሞ ዕቃው ይሳሳታል። ፈጣኑ መመርመሪያ «አለ» ያለውን ሌላ የረቀቀ መሣሪያ ካላረጋገጠው እርግጠኛ ውጤት አይባልም። ምጥ ላይ ሐኪሙ ራሱ የሰጣት እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ በሕፃኑ ላይ ሊታይ ይችላል። «አለ» ቢልም እንኳ እናትየዋ ስንት ጊዜ እንደወሰደች፣ ልጁ ተጎድቶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥሩ እናት ትሁን አትሁን አይናገርም።

የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ነው። አሜሪካኖቹ ዘወትር የሚጠቀሙበት መመርመሪያ በዋናነት የሚፈልገው ኮኬይንን፣ የሄሮይንና የሞርፊን ዘሮችን፣ አምፌታሚንንና ማሪዋናን ነው። በጫት ውስጥ ያለውን ካቲኖን ለመለየት ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ ምርመራ ይፈልጋል። አረቄን ከሕፃን ሰገራ ለማወቅም እንዲሁ ሌላ ለብቻው የሚሠራ ምርመራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስንት ዶላር ፈስሶበት የመጣው ዕቃ ቀጨኔ በስም ብቻ የሚያውቀውን ኮኬይን ሲፈልግ ውሎ፣ አፍንጫው ሥር ያለውን አረቄ ሳያይ ያድራል ማለት ነው። ጉድ በል ጉለሌ!

አሜሪካን አገርስ ምን ሆነ?

ባለከረባቱ «አሜሪካን አገር» ብለዋል። መልካም፤ አሜሪካን አገር እንሂድ።

ሳውዝ ካሮላይና በምትባል ግዛት፣ ቻርለስተን ከተማ የሚገኘው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ1989 ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማማ። ለሕክምና የመጡ ነፍሰ ጡሮችን ሽንት ለኮኬይን እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ መስጠት ጀመረ። 30 ሴቶች ታሰሩ። ከ30ዎቹ 29ኙ ጥቁሮች ነበሩ። ከወሊድ አልጋቸው በካቴና የተወሰዱም አሉ። ጉዳዩ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቶ በመጋቢት 2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ሆስፒታል ያለ ታካሚዋ ፈቃድ ለፖሊስ ማስረጃ የሚሰበስብበት እንዲህ ያለ ምርመራ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ።

አንድ ልጨምር። በ1990 የታተመ ጥናት ፍሎሪዳ ውስጥ ፒኔላስ በምትባል አውራጃ 715 ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ ነበር። በጥቁሮቹና በነጮቹ ላይ የተገኘው ውጤት ተቀራራቢ ሆነ፤ እንዲያውም የነጮቹ ጥቂት በለጥ ይል ነበር። ለመንግሥት «ተይዛለች» ተብሎ ሪፖርት በማድረግ ግን ጥቁሮቹ አሥር እጥፍ ያህል በለጡ። ዕቃው አላዳላም፤ ዕቃውን የያዘው እጅ ግን አዳላ። እኛ ዘንድስ ማን ይመረመራል? ቦሌ የግል ሆስፒታል ውስጥ ወይን ጠጅ ስትጠጣ የከረመች የሀብታም ሚስት? ወይስ የቀጨኔዋ አረቄ ሻጭ? መልሱን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ መኖር ይበቃል።

በ2014 ደግሞ ቴነሲ የምትባል ግዛት ልክ ባለከረባቱ የተመኙትን ዓይነት ሕግ አወጣች። ነፍሰ ጡር ሆና ሐሺሽ የወሰደችና ልጇ የተጎዳባት እናት ትከሰስ ጀመር። ከዚያ የተሰማው ምንድነው? ሴቶች ሐኪም መፍራታቸው፣ ከክትትል መሸሻቸው፣ ለመውለድ ከግዛቲቱ የወጡም መኖራቸው። ሕጉ የጊዜ ገደብ ነበረውና በ2016 ሲያበቃ አላደሱትም። የእኛዎቹ «ሥልጡኖች» ፈረንጅ ሞክሮ የጣለውን ልብስ ነው እንልበስ የሚሉት። ሰልባጅ መልበስ ለምዶብናል፤ ሰልባጅ ሕግ መልበስ ግን ይቅርብን!

ልጁን የጎዳው ምንድነው?

ያኔ በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ጋዜጦች ክራክ ኮኬይን ከሚወስዱ እናቶች የተወለዱትን ልጆች «የጠፋ ትውልድ» ብለው ጽፈውላቸው ነበር። ፊላዴልፊያ ያሉ ሐኪሞች ግን ከ1989 ጀምሮ 224 ሕፃናትን መዝግበው ለሃያ ዓመታት ያህል ተከታተሉ። ግማሾቹ እናቶቻቸው ኮኬይን የወሰዱ፣ ግማሾቹ ያልወሰዱ ናቸው፤ ሁሉም ግን ከደሃ ቤት የመጡ ናቸው። በአራት ዓመታቸው የአእምሮ ብቃት ሲለካ መደበኛው መቶ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 79፣ ሁለተኞቹ 81.9 አገኙ። ሁለቱም ወደቁ! ሐኪሞቹ የደረሱበት መደምደሚያ ልጆቹን ከኮኬይኑ ይልቅ ድህነቱ ጎዳቸው የሚል ነበር። አረቄ ከዚህ ይለያል፤ ጉዳቱ በግልጽ የታወቀ መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ቁም ነገሩ ግን ያው ነው፤ ለመክሰስ የቸኮለ ሰው የሚያየው አንዱን ነገር ብቻ ነው።

እስቲ ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ነፍሰ ጡር ሆነው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና እንጨት ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ሲወርዱ ያየኋቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ሸክላ ሲተኮስ በጭስ ታፍነው የሚውሉ ነፍሰ ጡሮችንም አይቻለሁ። ጠዋት ሻይ፣ ማታ ደግሞ ከተገኘ ሽሮ በልተው ለሁለት ሰው የሚሆን ደም ከየት እንደሚያመጡ እግዜር ይወቅ። ሸክሙም፣ ጭሱም፣ ረሃቡም ፅንሱ ላይ ይደርሳል። ታዲያ ሸክምን ከሕፃን ሰገራ የሚለይ መመርመሪያ አለ? «ይህ ሕፃን የተወለደው ከተራበች እናት ነው» የሚል ውጤት የሚያወጣ መሣሪያ አለ? ቢኖርስ ማንን ነው የምንከሰው? ይህ ምርመራ የሚያየው በእናትየዋ ሊሳበብ የሚችለውን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ባለቤት ስላለው አይመረመርም!

መለኪያ

ቀጨኔ መለያ ስም ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰፈራችን የሸክላ ሠሪ፣ የሸማኔና የቀጥቃጭ ሰፈር ነው። በዚህች ከተማ ስንት ቤት ቡና የሚፈላው ቀጨኔ በተሠራ ጀበና ነው፤ ስንት እንጀራ የሚጋገረው በቀጨኔ ምጣድ ነው። ጀበናውን የሠራችው ሴት ግን «ቡዳ» ስትባል ኖረች። ልጇ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ በእጇ ሙያ ምክንያት ስም ወጣለት። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ «የቀጨኔ ልጅ ነኝ» ስል ከጎኔ ተነሥቶ ወንበር የቀየረ ልጅ ነበር። እንግዲህ ለዚህ ሰፈር ሕፃን፣ በማኅተም የተረጋገጠ፣ በጤና ጣቢያ ፋይል የታሰረ አዲስ ስም ሊጨመርለት ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

ያ በብርድ ልብሱ ሌሊት የተወለደው ልጅ ዛሬ አራት ዓመቱ ነው። ይሮጣል፣ ይሳደባል፣ ኳስ ይወዳል። ቀጭን ነው፤ ቋንቋም ትንሽ ዘግይቶበታል። የክርስትና ስም አለው፤ የቤት ስምም አለው። የሰፈሩ ልጆች ግን «መለኪያ» ነው የሚሉት። ይህ ስም የወጣለት ያለ ምንም ምርመራ፣ በሐሜት ብቻ ነው። የሕክምና ወረቀት ቢኖርበትስ? አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ ቢከተለውስ? መምህሩ «እሱማ ከሆዷ ሳለ የሰከረ ነው» ብሎ ጥግ ቢያስቀምጠውስ?

«ልጁን መንግሥት ይረከበው» ላሉትም አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀጨኔ የሕፃናት ማሳደጊያ ያለበት ሰፈር ነው። እናት አልባ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አይነገረንም፤ በር ላይ ቆመን እያየን ነው ያደግነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት አይደፈርም ይላል። የሐኪም ምስጢር ማውጣትም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ወይስ እነዚህ አንቀጾች ቀጨኔ ሲደርሱ ይደክማቸዋል?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

አሁን ደግሞ ወደ ትልልቆቹ እንምጣ። ጫት ለአገሪቱ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስገባል። መንግሥት በ2012 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 767 ጫት ላይ ኤክሳይስ ታክስ ጥሎ ሰብስቧል። ቢራ ፋብሪካዎቻችንም ጊዮርጊስ በ1998 ለፈረንሣዩ ካስቴል፣ ሐረርና በደሌ በ2011 ለሆላንዱ ሄኒከን እየተባለ ለውጭ ኩባንያ ተሸጠዋል። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ካለ፣ በ2019 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን መታገዱ ነው። እውነቱን መናገር አለብን፤ ይህ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ከጫቱም ከመጠጡም ገንዘቡን የሚቆጥረው ክፍል «ጉዳቱን ለማከም ይህን ያህል መድቤአለሁ» ሲል ሰምታችኋል? ሱስ የያዛት ነፍሰ ጡር የምትታከምበት አልጋ የት ነው? «አማኑኤል ሂጂ» ልትባል ነው። አማኑኤል ሆስፒታል የተከበረ የሕክምና ቤት ነው፤ ግን በእኛ አገር «አማኑኤል ገባች» መባል ምን እንደሚያስከትል አንባቢ ያውቃል።

ደቡብ አፍሪካም ይህ ነገር ደርሶባታል። በምዕራብ ኬፕ ግዛት በመጠጥ ምክንያት ተጎድተው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በዓለም ከተመዘገበው ከፍተኛ ከሚባለው መካከል ነው። ምክንያቱ የዚያ አገር እናቶች ክፋት ነው? የወይን እርሻ ጌቶች ለትውልድ ትውልድ ለሠራተኛው ደመወዙን በከፊል በወይን ጠጅ ይከፍሉት ነበር! ሰውን በመጠጥ አሳድጎ፣ ሲጠጣ ያዝኩት ማለት ይሏል ይሄ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ባለ ፋብሪካውንና ባለ ታክሱን የፈራ ሁሉ በትሩን የሚያሳርፈው አልጋ ላይ በተኛች አራስ ላይ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

«ታዲያ ዝም ይባል ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። ዝም አይባልም! እኛው አገር የሠራ ምሳሌ አለን። ኤች አይ ቪ በገባባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ምርመራ የሞት ፍርድ ነበር፤ ሰው ከመመርመር መሞትን ይመርጥ ነበር። በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሰው ለመመርመር ደፈረ። ዛሬ ነፍሰ ጡሯ በክትትል ጊዜ ትመረመራለች፤ ቫይረሱ ካለባት ወዲያው መድኃኒት ትጀምራለች፤ ሕፃኑ ሽሮፕ ይሰጠዋል፤ በስድስተኛው ሳምንት ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይታያል። ስንት ሺ ልጅ ነፃ ሆኖ ተወለደ! ለምን? ከምርመራው ኋላ መድኃኒት ስለነበረ ነው፤ ፖሊስ ስላልነበረ ነው። መድኃኒት ያስከተለ ምርመራ ሕክምና ነው። መድኃኒት የሌለው ምርመራ ግን ክስ ነው።

ደግሞ የምናፈርሰውን እንወቅ። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2005 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2011 ከመቶ 10፣ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደረሱ። ይህ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው፣ አምቡላንስ ተገዝቶ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ «ኑ፣ አንቆጣችሁም» ተብሎ ተለምኖ የመጣ ነው። አዲስ አበባማ ከመቶ ዘጠና በላይ አልፋለች። ይህን እምነት ለመገንባት ዓመታት ፈጅቷል፤ ለማፍረስ ግን ወረፋ ላይ የተወረወረች አንዲት ዛቻ እንደምትበቃ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ነፍሰ ጡሯ ገና በመጀመሪያው ክትትል፣ በር ተዘግቶ፣ ባሏም አማቷም በሌሉበት፣ ያለ ቁጣ ትጠየቅ፤ «ትጠጫለሽ? ትቅሚያለሽ? እንርዳሽ?»። በሦስተኛው ወር የተጠየቀች ሴት ስድስት ወር ታተርፋለች፤ በዘጠነኛው ወር ልጇ የተመረመረባት ግን ምንም አታተርፍም። ሕፃኑ ታሞ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ሐኪሙ ለማከም ምርመራ ካስፈለገው እናቱ ተነግሯት፣ ፈቅዳ ይመርመር፤ ውጤቱም ከሐኪሙ መዝገብ አይውጣ። ለፖሊስም ለወረዳም አይሂድ። ሱስ ለያዛት እናት ልጇን ይዛ የምትታከምበት ቦታ ይዘጋጅ። አረቄ መሸጥ ትታ የምትኖርበት ሥራ ይፈለግላት፤ «ተይ» ማለት ብቻ እንጀራ አይሆንም። ገንዘቡስ? ከጫቱና ከቢራው ታክስ ይቆረጥ! ከጉዳቱ የተገኘ ገንዘብ ጉዳቱን ቢያክም ማን ይቃወማል?

አሁን ወደዚያ ድንኳን እንመለስ። «እናትየዋ ይህን ስትሰማ ለመውለድ ወዴት ትሄዳለች?» ነበር ያሉት እማማ። እማማ፣ መልሱ ይኸውልዎ፤ ወደ ጓዳዋ ነው የምትሄደው። በሯን ዘግታ፣ ጩኸቷን በነጠላዋ አፍና ትወልዳለች። ብትሞትም ማንም ሳያያት ትሞታለች። ያኔ የሕፃኑ ሽንት ጨርቅ ንጹሕ ነው፤ ተመርማሪም ተከሳሽም የለም። ድንኳን ግን ይተከላል። ባለከረባቱም መጥተው ንፍሮ ይበላሉ።

ልብ ያለው ልብ ይበል! ቸር ይግጠመን።